ስለ ፍሳሹ አቤቱታ የቅዳሜ ስብሰባ

ውድ ጎረቤቶች፣

ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት በግቢያችን አዳራሽ እንገናኝ። የምንወስነው አንድ ነገር ነው፦ መልስ ያጣንበትን የፍሳሽ አቤቱታ ወደ እንባ ጠባቂ (በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ወደሚመረምረው ተቋም) እንውሰደው ወይስ አቤቱታውን ላስገባንበት መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ደግመን እንጻፍ?

እስካሁን ሁለት ደብዳቤ አስገብተናል። ያገኘነው መልስ «ነገ ተመለሱ» ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቁጥር አለን። የመጀመሪያውን ግን እጅ በእጅ ሰጥተን ዝም ብለን ወጣን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ «አልደረሰንም» ማለት ቀላል ነው።

እኔ ወደ እንባ ጠባቂ እንሂድ ባይ ነኝ። እንባ ጠባቂ ፍርድ ቤት አይደለም። ቅሬታውን ይመረምራል፣ መሥሪያ ቤቱን ማብራሪያ ይጠይቃል፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከታችንን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀኑ የሚታይበት የፍሳሹ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቢሮ የተመላለሳችሁ ደግሞ መቼ እንደሄዳችሁና ምን እንደተባላችሁ በወረቀት ጻፉልን።

መምጣት የማትችሉ እስከ ሐሙስ ማታ «እንሂድ» ወይም «እንጻፍ» ብላችሁ እዚሁ መልሱ። ዝም ያለ ተስማምቷል ብለን አንቆጥርም።