የሰፈራቸውን ታሪክ ለሚሰበስቡ የጎንደር ተማሪዎች የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጎንደር ልጆችና ወዳጆች፣

እጨጌ ቤት ለምን እጨጌ ቤት ተባለ? እዚያው ሰፈር ተወልደው ያደጉ ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ሰፈሩ የእጨጌው፣ የመነኮሳት ሁሉ አለቃ፣ መቀመጫ እንደነበረ፣ አሳዳጅ የበረታበት ሰው ሮጦ ከገባ እንደማይነካ የሰሙት ኋላ ከአንድ አዛውንት አፍ ነው። አንዷ ልጅ «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ሊነግረን ነበር?» ብላ ጠየቀችን።

ማኅበራችን የክረምቱን ፕሮግራም የጀመረው ለዚህ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ አዛውንት ቤት ይሄዳሉ፤ ይጠይቃሉ፣ ይቀዳሉ፣ የሰሙትን ቃል በቃል ይጽፋሉ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ብዙ ተጽፎለታል። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነጋዴዎች ወግ፣ የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ኑሮ ግን በሰው ልብ ነው ያለው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የ7 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ90 አልፏል። ቀጠሮ ይዘን ሳንደርስ የቀበርናቸው አሉ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን የድምፅ መቅጃ ነው። ልጆቹ የሚቀዱት በወላጅ ስልክ ስለሆነ ስልኩ ሲሞላ የአዛውንቱ ድምፅ ይጠፋል። ቅጂው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክም የለንም። የአፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከአዘዞ የሚመጡት ተማሪዎች ደግሞ የታክሲ እያጡ ይቀራሉ፤ ጎበዞቹ እነሱ ናቸው። ለአዛውንቶቹም ቡናና ስኳር ያስፈልጋል፤ ልጆቻችን ባዶ እጃቸውን የሰው ደጅ እንዲረግጡ አንፈልግም።

የአንድ ተማሪ የታክሲ ወይም የአንድ ሳምንት ምሳ ብትችሉ ለእኛ ብዙ ነው። ያገለገለ ግን የሚሠራ መቅጃ ወይም ላፕቶፕ ያላችሁም አምጡልን። በእስራኤል ያላችሁ የወለቃ ልጆች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ጎንደሬዎች፣ ከገንዘቡ ሌላ የወላጆቻችሁን ትዝታ እንፈልጋለን፦ ተማሪዎቹ በስልክ እንዲያናግሯቸው ፍቀዱልን፣ የድሮ ፎቶግራፍ ካላችሁም ቅጂውን ላኩልን።

የተሰጠው ሁሉ በደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ በነሐሴ መጨረሻ ተማሪዎቹ የሰበሰቡትን ለሰፈራቸው ሰው ሲያነቡ ሒሳቡም እዚያው ይነበባል። የተማሪ ምዝገባ ሰኔ ላይ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ፤ ወይም ዘመድ ላኩልን።