ይቅር ያላችሁትን ሰው ሥራ ስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ፒያሳ ልብስ እሰፋለሁ። ጳጉሜን በገባ ቁጥር ስለ አዲስ ዓመት ዕቅድ ይጻፋል፤ “ያለፈውን ትታችሁ ራሳችሁን ይቅር በሉ” የሚል ምክርም አይጠፋም። ምክሩ መልካም ነው። እኔ ግን ከ10 ዓመት በላይ ሞክሬ አልሆነልኝም። 2018፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ሳይገባ የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ። ስሜን አታውጡት። በታሪኩ ውስጥ ላሉት ሰዎች ብዬ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈራችን የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በወር 20 ብር እንሰበስባለን። ብዙው ባንክ ይገባል። ለድንገተኛ ቀብር የሚሆነው ግን እኔ ቤት፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት የሱቅ ኪራይ ተጠራቀመብኝ። አከራዩ የስፌት መኪናዬን ሊይዝብኝ ሆነ። ከቆርቆሮው 6,000 ብር አነሳሁ። በሁለት ሳምንት እመልሳለሁ ብዬ ነው። ለባለቤቴም አልነገርኳት።

በስምንተኛው ቀን ሌሊት አንዲት እናት አረፉ። ጎረቤታችን ናቸው። የኔ እናት የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤታችን ሳይወጡ ንፍሮ የቀቀሉልን እሳቸው ነበሩ። ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። የዕድሩ ሰብሳቢ መጥተው “ገንዘቡን አምጣ፣ ሣጥን ይገዛ” አሉኝ። ቆርቆሮውን ከፍቼ አሳየኋቸው። 340 ብር ነበር ያለው። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ዘወር ብለው ወጡ።

ልጆቹ በእናታቸው ቀብር ቀን ከሰው ተበደሩ። ትልቋ ልጅ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ገንዘብ ፍለጋ ስትወጣ ደጄ ላይ ተላለፍን። አላየችኝም። እኔ ግን ያን ፊቷን ስንት ዓመት አየሁት።

ገንዘቡን በ14 ወር መለስኩ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አባላቱ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። “ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኩ። “ይቅር ብለናል” አሉኝ። ለነፍስ አባቴም ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። “እግዚአብሔር ይፍታህ” ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። በሥርዓቱ የቀረ ነገር አልነበረም።

እኔ ግን እንደ ታሰርኩ ቀረሁ።

ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ እሄዳለሁ፤ በሩን ስሜ እመለሳለሁ። ወደ ውስጥ አልዘልቅም። ለቅሶ ሲኖር ቀብር እሸኛለሁ፤ ድንኳን ገብቼ ግን አልቀመጥም። በ2007 እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። “በ40 ቀኑ ክርስትና አንሳልኝ” ስትለኝ “እኔ አይገባኝም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ” አልኳት። ዓመት ሙሉ አኮረፈችኝ። ልጁ አሁን 10 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ኳስ ተጫዋች ነው። የክርስትና አባቱ ሌላ ሰው ነው፤ ይህ አይመለስም።

የሟች ቤት ከሱቄ 5 ደቂቃ አያስኬድም ነበር። በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። ዞሬ እሄዳለሁ። ይሄን ሁሉ ትሕትና ነበር የሚመስለኝ። ንስሐዬን የቀጠልኩ ይመስለኝ ነበር።

በ2016 ሰፈራችን ፈረሰ። ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ ያን ጊዜ ያስታውሰዋል። ሱቄ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነች ተረፈች። ጎረቤቱ ግን ተበተነ። የሟች ልጆች አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃ ሲጭኑ ከሩቅ ቆሜ አየሁ። አንድ ፍራሽ እንኳ አላነሳሁላቸውም።

ያለፈው ስቅለት፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ እግሬ እንዴት እንዳስገባኝ እንጃ፣ ግቢው ውስጥ ገባሁ። ሕዝቡ ሲሰግድ ውሏል። ወደ ማታ ካህናቱ ወይራ ይዘው ለጥብጠባ ቆሙ። እኔም ተሰለፍኩ። የደረሱኝ ካህን ወጣት ናቸው፤ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አይበልጡም። ያንኑ የ2004ቱን ነገርኳቸው።

“ለነፍስ አባትህ ተናዝዘሃል?”

“አዎ አባቴ።”

“ቀኖናህን ፈጽመሃል? ገንዘቡንስ መልሰሃል?”

“አዎ።”

“እንግዲያው እሱ ተፈቶልሃል። የዘንድሮውን ንገረኝ።”

ዝም አልኩ። ትንሽ ጠበቁኝና “የሟች ልጆች እንዴት ናቸው?” አሉኝ። “አላውቅም” አልኩ።

“በል እሱ ነው” አሉ። ወይራውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉት። “ስገድ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሂድና ጠይቃቸው።”

ማታ ቤቴ ገብቼ የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 27 አነበብኩ። ስንቴ የሰማሁት ነው። ይሁዳም እኮ ተጸጽቷል። በድያለሁ ብሏል። ሠላሳውን ብርም መልሷል! እኔ ያደረግሁትን ሁሉ እሱም አድርጓል። ገንዘቡን የመለሰላቸው ሰዎች ግን “እኛን ምን አገባን” አሉት። ብቻውን ሄደ። ብቻውን ሞተ። ጴጥሮስም ያችኑ ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። እሱ ግን ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። የዮሐንስን ወንጌል ገለጥኩ። የካደው ፍም እሳት ዳር ነበር። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ጠበቀው። “ትወደኛለህን?” ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሲመልስለትም “በቃ ይቅር ብዬሃለሁ” ብቻ ብሎ አልሸኘውም። በጎቹን አደራ ሰጠው። አደራ ለበላ ሰው አደራ! እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። ማንበብ አልቻልኩም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ወጣሁ። ከፒያሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራብሳ። ለ5 ደቂቃው መንገድ ያልተነሳሁ ሰውዬ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ትልቋ ልጅ ናት የከፈተችልኝ። “ጋሼ!” አለችና በሩን ይዛ ቀረች። ቡና ተፈላ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

“ገንዘቡን ያኔውኑ ነው የተውነው” አለች። “ተዝካር ስናወጣ ጠበቅንዎት፤ አልመጡም። ሰባት ዓመቷን ስናስብ ጠበቅንዎት። ዕቃ ስንጭን ቆመው ሲያዩን አይቼዎታለሁ። ቂም የያዙብን እርስዎ መስሎን ነበር። ምን አስቀየምናቸው እያልን እህትማማቾቹ ስንነጋገር ነው የኖርነው።”

እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። እኔ ራሴን እየቀጣሁ መስሎኝ ስኖር እነሱን ነበር የማስቀይመው። እህቴንም እንደዚሁ።

“ራስህን ይቅር በል” ሲሉኝ ያልሆነልኝም ለዚህ ይመስለኛል። ይቅርታው በኔ እጅ አልነበረም። በእግዚአብሔርና በሰዎቹ እጅ ነበር፤ እነሱም ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ዘንድ የቀረው ሄዶ መቀበል ነው። በዚያ ቀን ታክሲ ውስጥ ስመለስ የተሰማኝን ዕረፍት ቤቴ ተቀምጬ በጾምም በስግደትም አላገኘሁትም። ጾምና ስግደት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ እንዳትሉብኝ። ደግፈው ያቆሙኝ እነሱ ናቸው።

ጋዜጣችሁን የሚያነቡ የዕድር ዳኞችና ሽማግሌዎች አሉ። ለእነሱ አንድ ልመና አለኝ። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሣውን ከፍሎ ሲጨርስ “ይቅር ብለናል” ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። አንድ ሥራ ስጡት። የገንዘቡን ቆርቆሮ መልሱለት አላልኩም፤ ገንዘብ ባንክ ይሁን፣ ሦስት ሰው ይፈርም። ግን ድንኳን ይትከል፣ ወንበር ይቁጠር፣ ውኃ ይቅዳ። እኔን ያኔ “ነገ መጥተህ ድንኳን ትከል” ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እሄድ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ዞሬ አልሄድም ነበር።

ሰፈሩ ቢፈርስም ዕድራችን አልፈረሰም። አባላቱ አሉ፣ በየኮንዶሚኒየሙ። መዋጮው በስልክ ይገባል። ጥሩምባ ግን ከፒያሳ ተነፍቶ አራብሳ አይሰማም። በሰኔው ስብሰባ ያቺው ልጅ እጇን አወጣችና “ለቅሶ ሲኖር ጋሼ ይደውሉልን” አለች። ሰብሳቢው አሁን አርጅተዋል፤ ያኔ ቆርቆሮውን ያሳየኋቸው ናቸው። አየት አደረጉኝና “ይመዝገብ” አሉ።

በሐምሌ አንድ አባላችን አረፉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። መብራት አብርቼ መዝገቤን አወጣሁ። እስኪነጋ 52 ቤት ደወልኩ። መጀመሪያ የደወልኩት አራብሳ ነው።

“ጋሼ፣ ማን አረፈ?” አለችኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ