ለማክሮ ሌንሱ የቀረው ግማሽ፦ ከኮሚቴው የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የዕፅዋት ፎቶግራፍ ማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፤

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። «ደግሞ መጡ» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እውነቱን ለመናገር መለመኑ እኛንም ታክቶናል። ነገር ግን የዕቃ ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ ማክሮ ሌንሳችን፣ ማለትም ትንንሽ ነገሮችን ቀርበን አጉልተን የምናነሳበት ሌንስ፣ ከተበላሸ ወዲህ ሥራው ቆሟል፤ አበባ ደግሞ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን አይጠብቅም።

ወሬው በየአፉ ስለተለዋወጠ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ውኃው ሌንሱ ላይ አልወረደም። የራሰው ቦርሳው ነው፤ ማንም ሳይከፍተው ሳምንታት ቆየ። ሲከፈት የፊት መስታወቱ ንጹሕ ይመስል ነበር፤ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ስናይ ግን እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አገኘን። ሻጋታ ሲቆይ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላው ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል፤ ያሳየነው ባለሙያም ያለን ይህንኑ ነው። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። ቦርሳውን በማግስቱ ከፍተን ማናፈስ ነበረብን።

በዚያ ሌንስ ምን እንደተሠራ ግን አይረሳ። በፈርን ቅጠል ጀርባ የተደረደሩትን የስፖር ከረጢቶች፣ ለዓይን ልሙጥ በሚመስል ቅጠል ላይ የቆመውን ጸጉር፣ የአበባ ብናኝ የተሸከሙትን ቀጫጭን ዘንጎች ያየነው በእሱ ነው። አንዳንዱን ተክል ከቡቃያው እስከ ፍሬው ተከታትለን፣ ከጎኑ ማስመሪያ እያስቀመጥን መዝግበናል። መዝገቡ አሁን መሐል ላይ ተቋርጧል።

«ሌንሱን ትታችሁ አዲስ ካሜራ ለምን አትገዙም?» የሚል ሐሳብ ተደጋግሞ ቀርቦልናል። ካሜራችን ደኅና ነው። ትንሽ ነገር ቀርቦ ለማንሳት ዋናው ጉዳይ ሌንሱ ነገሩን በሴንሰሩ (በካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል በሚያደርገው ገጽ) ላይ ምን ያህል አጉልቶ ማሳረፍ መቻሉ ነው። እውነተኛ ማክሮ ሌንስ አንድ ለአንድ ያነሳል፤ 10 ሚሊ ሜትር የሆነች አበባ በሴንሰሩ ላይም 10 ሚሊ ሜትር ሆና ታርፋለች። ተራ ሌንስ በውድ ካሜራ ላይ ቢገጠም ያችኑ አበባ ከሩቅ ነው የሚያሳየን።

ሌላ መላ ሳንሞክርም አልቀረንም። ባለን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው) እና በካሜራው መካከል 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ገጠምን። ቱቦው ባዶ ነው፣ መስታወት የለውም፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ በማራቅ ብቻ የግማሽ እጥፍ ያህል ማጉላት ይጨምራል። ሌላ 25 ሚሊ ሜትር ሲደረብበት አንድ ለአንድ ደረስን፤ ግን ሌንሱ አበባውን ሊነካው ሆነ፣ የራሱ ጥላም አበባው ላይ ወደቀ። ሌንሱ ፊት የሚጠመዘዘው ነጠላ ማጉያ መስታወት ደግሞ የሥዕሉን ዳር ያደበዝዛል፣ በነገሮች ጠርዝ ላይም የሌለ ቀለም ያሳያል።

ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነው ለ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ነው። አንድ ለአንድ ሲያነሳ ከሴንሰሩ እስከ አበባው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ከሌንሱ አፍ ሲለካ ከአንድ ስንዝር ያንሳል፣ ግን ብርሃን ለማስገባት ይበቃል። 60 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ መጠጋት ይጠይቃል። 180 ሚሊ ሜትሩ ይከብዳል፤ ለቢራቢሮ ይመች ይሆናል፣ ተክል ግን አይበርም።

አሁን ወደ ትራይፖዱ፣ ወደ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ። ባለፈው ዙር «ገንዘባችንን ብረት ገዛችሁበት» ያላችሁን አልረሳንም። አንድ ለአንድ በሚነሳበት ጊዜ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያልፍበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 8 ላይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። መልካበባው ሲጠራ ዘንጉ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ብናጠብም አያድነንም፤ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሥዕሉ ሁሉ ይፈዛል። ያለው መንገድ ካሜራውን በጥቂቱ እያስጠጉ ብዙ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር መደራረብ ነው። ያ ያለ ጽኑ ትራይፖድና ያለ ተንሸራታች ሐዲድ አይሆንም። ከዝናቡ የተረፉልንም እነዚህ «ብረቶች» ናቸው።

የቀለበት ፍላሽ፣ በሌንሱ አፍ ዙሪያ የሚገጠመው መብራት፣ እንዲገዛ የጠየቃችሁም ነበራችሁ። አልተቀበልነውም፤ ከፊት ለፊት ስለሚያበራ የቅጠሉን ጅማትና ጸጉር ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከጎን የሚመጣ፣ በነጭ ጨርቅ የለሰለሰ ብርሃን ይሻላል፤ ጨርቁን አንድ አባላችን በነጻ ሰፍቶልናል።

ወጪ ለመቀነስ ያገለገለ ሌንስም እንቀበላለን። ፎከሱን የምናስተካክለው በሐዲዱ ስለሆነ በእጅ የሚዞር ቢሆንም ችግር የለውም፤ አፐርቸሩን የሚያጠብ ቀለበት ግን በራሱ ላይ ይኑረው፤ አለበለዚያ ከካሜራችን ጋር ካልተግባባ ቀዳዳውን ማጥበብ አንችልም። ከመከፈሉ በፊት በባትሪ ውስጡ ይታያል፤ ይህንን ተምረናል። ማስቀመጫውንም አዘጋጅተናል፦ ጥብቅ ሣጥን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና የእርጥበት መለኪያ። እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ እንይዘዋለን። ይህ ከማኅበሩ ካዝና አልወጣም፤ የኮሚቴው አባላት ከኪሳችን አዋጥተን ገዝተነዋል።

ከሚያስፈልገው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ገብቷል። የቀረው ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁት ጋ ነው። ማንንም በስም አንጠራም፤ ቃል ግን ዕዳ ነው። ሃይማኖታችን ልዩ ልዩ ቢሆንም የፈጣሪን ጥበብ አይቶ ማድነቅ የሁላችንም ነው፤ ያየነውን ለልጆቻችን ማሳየት ደግሞ ግዴታችን ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የኋላ ሽፋን ላይ አለ፤ አልተለወጠም። ለማንም ግለሰብ፣ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ማክሮ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ባዶ የተተወው ከወርኃዊ መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል።

ደግመን እንላለን፦ የደብተሩ የኋላ ሽፋን፣ የማኅበሩ ሂሳብ፣ «ማክሮ» የሚለው ቃል። ከዚያ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ። የፎቶግራፍ ማኅበር ነንና እባካችሁ ቁጥሮቹ ላይ ፎከስ አድርጉ፤ ባለፈው ከደረሱን ጥቂቶቹን እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻልንም።

ኮሚቴው