ያለ ሊብሬ ሎክ ናት የማንፈታው ለምንድን ነው? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደጃችን ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ተቆጥታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሳትደውሉ ሌላ ጎሚስታ ጋ ሄዳችኋል። እኔን ከቁጣው በላይ የጎዳኝ ይኸኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት የኋላ ጎማው የተነፈሰ ኮሮላ እያዘገመ አመጣ። ስኮርታ፣ ማለትም ትርፍ ጎማ፣ አለው። መኪና ማንሻው ክሪክም አለው። ጎማው ሌባ እንዳይነቅለው በሎክ ናት ተቆልፏል፤ የሎክ ናቱ ቁልፍ ግን የለም። «አባቴን አጋሮ ለቅሶ ላደርስ ነው፣ በጉልበት ፍቱልኝ» አለ። ሥራ ላይ የነበሩት ልጆቻችን የመኪናውን ባለቤት የሚያሳየውን ሊብሬ ጠየቁት፤ አልያዘም። እኔ ጎማ ልገዛ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ደወሉልኝ። «አትፍቱ» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን አትቆጡብኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ያወቅሁት እሁድ ጠዋት ነው። አባትየው እኛ ዘንድ ጎማ ማስጠገን ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ዝናብ ዶልፊን ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይጉላላም።

ያለ ሊብሬ ሎክ ናት አንፈታም የሚለውን ደንብ ግን አላነሳውም። ለምን እንደሆነ ትንሽ ታገሱኝና ላስረዳ።

ሎክ ናት የምትሉት ነገር ሥራው ቀላል ነው። ጎማውን ቡሎኑ ላይ የሚያስረው ተራው ዳዶ ስድስት ጎን አለው። የአብዛኛውን ቶዮታ በ21 ቁጥር መፍቻ ማንም ይፈታዋል። 21 ቁጥር መፍቻ ደግሞ በየመኪናው ኮፈን አለ፤ ሌባም አያጣውም። ሎክ ናት ግን ዙሪያው ድቡልቡል ነው፣ መፍቻ አይዝለትም። አናቱ ላይ የተቀረጸ ቅርጽ አለ። ያንን ቅርጽ የሚገጥም ትንሽ ቁልፍ አብሮት ይመጣል፤ መፍቻው የሚያርፈው በዚህ ቁልፍ ላይ ነው። ለአንድ ጎማ አንድ ይበቃል። ሌሎቹ ዳዶዎች ሁሉ ቢፈቱ እንኳ አንዷ ከያዘች ጎማው አይወጣም።

ሌባን ጨርሶ አያስቆምም። ስሸጥላችሁም ይህንኑ ነግሬያችኋለሁ። መሣሪያና ጊዜ ያለው ሰው ይፈታዋል። ጥቅሙ ማዘግየቱ ነው። ሌሊት መኪና ድንጋይ ላይ አስደግፎ ጎማ የሚነቅል ሰው ጊዜ የለውም፤ የመዶሻ ድምፅም አይፈልግም። እንግዲህ አስቡት። ሌሊት ያቃተውን ጎማ፣ በጠራራ ፀሐይ እኛ ጋ አምጥቶ «ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» ብሎ ካስፈታው፣ እኔ ለእናንተ የሸጥኩት ምኑን ነው?

ይህ ዝም ብሎ ፍርሃት አይደለም። ደርሶብኛል። አንድ ሰው ቪትዝ ይዞ መጣ። ጎማው የሚለብስበት ቸርኬ አሉሚኒየም፣ ጭረት የሌለው። ቁልፉ ጠፋኝ አለ። ፈታንለት፤ በተራ ዳዶ ቀየርንለት፤ ሂሳቡን ከፍሎ አመስግኖ ሄደ። በሳምንቱ ያው ቪትዝ ተመልሶ መጣ። አሁን የቆመው በዛገ የብረት ቸርኬ ላይ ነው። የሚነዳውም ሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ። እሱ ከአገር ውጭ ሳለ መኪናውን አደራ የሰጠው ሰው ቸርኬውን ሸጦበታል። «ይህን ሎክ ናት የገጠምክልኝ አንተ ነህ። ማነው የፈታው?» አለኝ። የፈታነው እኛው ነን። የምለው ጠፍቶኝ መሬት መሬት አየሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ የቸርኬውን ዋጋ በየወሩ እየከፈልኩ ጨረስኩ። እሱም ዛሬ ድረስ ደንበኛችን ነው። ሊብሬ መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቸርኬ ደግሞ እንደ ድሮው እንደ ዋዛ የሚተካ ዕቃ አይደለም። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እኛ የምንሸጠው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሎክ ናቱ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህም ሰው ያለችውን መኪና እንደ ልጁ ነው የሚይዛት። ይህን እያወቅሁ የእናንተን ጎማ በቃል ብቻ አልፈታም።

«አዲስ ሎክ ናት ሊሸጥልን ነው» የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። ይህ ከምንም በላይ ከነከነኝ። በጉልበት የተፈታ ሎክ ናት ይበላሻል፤ ተመልሶ አይገጠምም። በምትኩ የምንገጥመው ተራ ዳዶ ነው፤ አዲስ ሎክ ናት ግዙ ብለን አናውቅም። ገበያ ላይ ርካሽ እንዳለም አውቃለሁ። አብዛኛው ቅርጹ አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ይፈታል። ቁልፉም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠቀሙበት ይሰነጠቃል። እሱን ብሸጥ ትርፉ አሁን ከምሸጠው ይበልጥ ነበር፤ ግን አላመጣሁትም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የአብዛኛው የቶዮታ የቤት መኪና ቡሎን 12 በ1.5 ነው፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሱዙኪ 12 በ1.25 ነው። ዲዛየር የምትነዱ ልጆች ይህን ልብ በሉ፤ በዓይን አይለይም፣ የአንዱ ዳዶ በሌላው ቡሎን ላይ በጉልበት ከጠበቀ ቡሎኑን ይበላዋል። አብዛኛው የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ፣ ማለትም ቀለበት፣ ያለውን ዳዶ ይፈልጋል፤ የብረቱ ቸርኬ ሾጣጣውን። ከተሳሳተ መንገድ ላይ ይላላል። እኛ ሎክ ናት በአየር መፍቻ የማናጠብቀውም ቅርጹ እንዳይበላ ነው። በእጅ እናጠብቀዋለን፤ ለኮሮላ ጥብቀቱ 103 ኒውተን ሜትር እስኪደርስ ድረስ። ስለዚህ ነው ሥራችን የሚዘገየው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ብቅ በሉና በነጻ እናይላችኋለን። በእኛ በጅማ ዝናብ ቀይ ጭቃው ቅርጹ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ከደዶ ወረዳ በኩል የምትመላለሱ በተለይ፣ ቁልፉን ከማስገባታችሁ በፊት በውሃና በብሩሽ እጠቡት።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ1994 እዚሁ ጅማ አጂፕ አካባቢ ነው፤ በእጅ ፓምፕና በአንድ የውሃ ገንዳ። የጎማውን የውስጥ ካላማዳሪያ ገንዳው ውስጥ እየነከርኩ አረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ እፈልግ ነበር። የመጀመሪያዋን ኮምፕሬሰር በዕቁብ ገዛሁ። ዕቁቡን ቀድሜ እንድወስድ ዕጣቸውን የለቀቁልኝ የዶልፊን ሾፌሮች ናቸው። ብዙዎቻቸው ይህን ደብዳቤ ያነቡታል። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ሲወጣ ቡና የጫነ አይሱዙ ተሰልፎ፣ ምሳ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ከእናንተ ጋር ነው ያረጀሁት። ደንበኛን የምንቅ ሰው ብሆን እዚህ ባልደረስኩ።

ደንቡን ባላነሳም የቅዳሜው ዓይነት እንዳይደገም አሠራራችንን አስተካክለናል። ከእንግዲህ ሎክ ናት ስንገጥም ታርጋውን፣ የባለቤቱን ስልክና የሊብሬውን ኮፒ እንይዛለን። ቁልፉ ቢጠፋ ሊብሬ ባትይዙም ወደ ተመዘገበው ስልክ ደውለን ባለቤቱ እሺ ካለ እንፈታለን። መኪናችሁ በውክልና ከሆነ የውክልናው ወረቀት ይበቃል። ሊብሬው ባንክ ከተያዘ ኮፒው ይበቃል። ቀደም ብለን የገጠምንላችሁም መጥታችሁ ተመዝገቡ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

መለዋወጫ ቁልፍ እኛ ጋ እንድናስቀምጥ የጠየቃችሁን ግን እሺ አላልኩም። የሁላችሁ ቁልፍ አንድ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ አንድ ሌሊት ሱቁ ቢሰበር የሁላችሁም ጎማ ተፈታ ማለት ነው። ቁልፉን ከመኪናው አታውጡት፤ መንገድ ላይ ያስፈልጋችኋል። ግን የመኪናው ኪስ ውስጥ በግልጽ ከማስቀመጥ ስኮርታው ሥር በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደብቁት። ከቁልፉ ጋር የሚመጣውን ቁጥር ያለበት ካርድ ቤት አስቀምጡ።

ጋሼ፣ ኮሮላዎ አሁንም ደጃችን ነው። ዘበኛችን ሌሊቱን ሲጠብቀው እያደረ ነው። ስኮርታው ተነፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል። እኔ እርስዎን ባውቅም ደንቡ ለሁሉም እንዲሆን ሊብሬውን ይዘው ብቅ ይበሉልኝ። እኔው ራሴ እፈታዋለሁ። ሂሳብ የለውም።

አክባሪያችሁ፣
የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት
ጅማ