ለደንበኞቻችን፦ ጎዴ ማጣሪያ እየተሠራ የጆንያ ዋጋ ለምን ጨመርን?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ከጥር ጀምሮ በጆንያ ላይ ዋጋ ጨምረናል። ግማሽ ቀብድ ካልተከፈለም ትዕዛዝ አንቀበልም ብለናል። ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። ደውላችሁ የተናገራችሁኝ አላችሁ። ስልኬን ማንሳት የተዋችሁም አላችሁ። የከበደኝ ይሄኛው ነው።

ቁጣችሁ መነሻ አለው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። በማግስቱ በቴሌግራም «እንኳን ደስ አለን፣ እስከሚቀጥለው መስከረም ዋጋ አንነካም» ብዬ የላክሁላችሁ እኔው ነኝ። አራት ወር ሳይሞላ ነካሁት። ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዋጋውን ስለመጨመሬ ግን ላስረዳችሁ እንጂ ይቅርታ ልጠይቅበት አልችልም።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው ደንበኛችን «ማጣሪያው በአገራችን ሲሠራ እናንተ ትጨምራላችሁ፤ ታዲያ ለማን ነው የሚሠራው?» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረውን የሠሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። መልሱ እነሆ።

ጆንያችን የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ነጭ ፍሬ ነው። ምስር የምታክል ናት። ትቀልጣለች፣ እንደ ስስ ላስቲክ ትዘረጋለች፣ በቀጭኑ ትቆረጣለች፣ ክር ሆና ትሸመናለች። የነዳጅ ልጅ ናት። ግን ከማጣሪያ እንዲሁ ተቀድታ አትወጣም። ማጣሪያ ድፍድፍ ነዳጁን አሙቆ ይለያየዋል፤ ቡታጋዙን፣ ቤንዚኑን፣ ናፍጣውን ለየብቻ። ከመካከላቸው ናፍታ የሚሉት ቀላል ፈሳሽ አለ (ናፍጣ አይደለም፣ ሌላ ነው)። ናፍታው ከእንፋሎት ጋር ከ800 ዲግሪ በላይ ሲግል ይሰነጠቅና ኢትሊንና ፕሮፒሊን የተባሉ ጋዞች ይወጡታል። ፕሮፒሊኑ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ገብቶ ነው የእኛ ፍሬ የሚሆነው። እነዚህ ሁሉ ከማጣሪያው ጎን ሲተከሉ ነው ፔትሮኬሚካል ኮምፕሌክስ የሚባለው። ማጣሪያ ብቻውን ናፍጣ ይሰጠናል፤ ጆንያ አይሰጠንም።

ጎዴ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን እንዲያጣራ ነው የታቀደው። በቀን ወደ 70 ሺህ በርሜል ማለት ነው። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስታዬንም አልደብቅም። ግን የተቀመጠው የመሠረት ድንጋይ ነው።

ናይጄሪያን እዩ። ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ የተሠራው የባለሀብቱ የዳንጎቴ ማጣሪያ በቀን 650 ሺህ በርሜል የሚያጣራ ነው። ዕቅዱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። በ2023 ተመረቀ። ከምረቃው በኋላም ናፍጣ ማውጣት የጀመረው በ2024 መግቢያ ላይ ነው። ቤንዚኑ ወራት ቆየ። የእኛዋ ፍሬ፣ ፖሊፕሮፒሊኗ፣ በ2025 ነው የመጣችው። ገንዘብ ላላነሰው ሰው እንኳ ከዕቅድ እስከ ፍሬ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ይህን መስከረም ላይ አስቤው ቢሆን ኖሮ ያን መልእክት አልልክም ነበር።

«የማዳበሪያ ፋብሪካውስ?» ያላችሁኝም አላችሁ። እዚያው ጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ታቅዷል። ጥሬ ዕቃው እዚያው ሶማሌ ክልል ከካሉብና ከሂላላ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ዩሪያ ይሆናል። ለእኛ ፍሬ የሚሆን ነገር በዚያ መንገድ የለም። ነገር ግን 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በ50 ኪሎ ቢታሸግ 60 ሚሊዮን ጆንያ ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጽፌ ስንት ሌሊት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ቀን ሲመጣ ይህ ቤት ክፍት ሆኖ መጠበቅ አለበት።

ለምን እንደዚያ እንደተደሰትኩም ልንገራችሁ። አባቴ የቦቴ ሹፌር ነበር። ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ነዳጅ ያመላልስ ነበር። አሰብ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረ ማጣሪያ ነበር። ማታ ማታ እሳቱ ከሩቅ እንደሚታይ፣ እሳቱን ሲያይ ድካሙ እንደሚለቀው አባቴ ያወራልን ነበር። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አገራችን ነዳጅ የምታስገባው ሌላ አገር ተጣርቶ ነው። አባቴ ጎዴን ሳያይ አረፈ። ያን መልእክት የጻፍኩት የእሱ ልጅ ሆኜ ነው፤ ሒሳብ የሚሠራው ነጋዴ ያን ቀን አብሮኝ አልነበረም።

ሒሳቡ ደግሞ ይህ ነው። ፍሬዋ በዶላር ተገዝታ በጅቡቲ ትገባለች። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። መስከረም ላይ ቃል ስገባ መጋዘናችን ውስጥ ቀድሞ የገባ ጥሬ ዕቃ ነበረን። ኅዳር ላይ አለቀ። አዲሱ ኮንቴይነር በአዲሱ ምንዛሪ መጣ። ናፍጣ በጨመረ ቁጥርም የመኪና ኪራይ አብሮ ይጨምራል። ቀብድ የጠየቅነው ባንክ ኤልሲ (ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ሲከፍትልን ብሩን ቀድመን ስለምናስቀምጥ ነው። ያ ብር ከሌለን ዕቃው የለም።

ሌላ መንገድም ነበረኝ። ክሩን አሳስቼ በድሮው ዋጋ መሸጥ እችል ነበር። መቶ ኪሎ እህል ተሸክሞ መንገድ ላይ እስኪተረተር ድረስ ማንም አያውቅብኝም። አላደረግሁትም። በ2001 ዓ.ም. በአራት ያገለገሉ የሽመና ማሽኖች ስንጀምር የነበረው ውፍረት ዛሬም አለ። መዝናችሁ እዩት።

ዶላር በጠፋበት ዘመን ሦስት ወር ማሽን አቁመን ከርመን ነበር። ያኔ ሌላ ቤት መሄድ ስትችሉ ጠበቃችሁን። አንዲት እናት ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ አሮጌ ጆንያ እየሰፉ «የእናንተው እስኪመጣ ነው» ብለውኛል። ይህን አልረሳሁም። አሁን ዝም ስትሉኝ የሚያመኝም ለዚህ ነው።

የቀየርናቸውን ልንገራችሁ። ከጥር 1 በፊት ትዕዛዝ ያስገባችሁ ሁሉ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ፤ ልዩነቱን የከፈላችሁ ተመላሽ ይደረግላችኋል። ከ500 ጆንያ በታች የምትወስዱ ቀብድ አትጠየቁም። ከእንግዲህ ዋጋ የሚነካ ከሆነ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እናሳውቃለን። ጎዴ እስኪደርስ ዋጋ ይወርዳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። የግዢ ሰነዱን ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። ስልኬን ያላነሳችሁልኝም ኑ። ቡናው ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ