ባዶ ወንበር የቆጠረው ዘገባ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በባሕር ዳርቻ እየነገድን ስለምናድር ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም «አብዛኞቹ ሻጮች የመሠልጠን ፍላጎት የላቸውም» የሚለው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ማን ነገራችሁ? የአሠልጣኙ ቃል አለ፣ የሆቴል ባለቤቱ አለ፣ የቱሪስቱ እንኳ አልቀረም። የሻጭ ቃል ግን አንድም የለም። በሥልጠናው አዳራሽ ባዶ ወንበር ቆጥሮ ሰነፍ ናቸው ማለት ምን ዓይነት ጋዜጠኝነት ነው?

ሥልጠናው የተጠራው እንግዳ በሚጎርፍበት ወቅት፣ ያውም ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። የሳምንቱን ቀለብ የምናገኘው በዚያች ጠዋት ነው። እኔ ግን ሄጃለሁ። የዓሣ ሳጥኔን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ «ብራንድ ግንባታ» አዳመጥኩ። እጄን አውጥቼ ስለ በረዶ ብጠይቅ «እሱ በዛሬው ፕሮግራም የለም» ተባልኩ። ስመለስ ጎረቤቴም በገዢ ተወጥራ በረዶው ውኃ ሆኗል፣ ቱናው ለብ ብሏል። አውጥቼ ደፋሁት።

ጠብሰሽ አትሸጪውም ነበር? የሚለኝ አይጠፋም። ቱናን የመሰለ ዓሣ ሙቀት ላይ ሲቆይ ሂስታሚን የሚባል፣ ሰው የሚያሳምም ነገር ይፈጠርበታል፤ አንዴ ከተፈጠረ መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም። መልኩና ሽታው ደህና መስሎ የበላውን ሰው ፊቱን ያቀላዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ያወቅሁት አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ አመሻሽ ላይ ገበያው ጋብ ሲል፣ በየሳጥናችን እየዞሩ ቴርሞሜትር ዓሣው ሥጋ ውስጥ ሰክተው አሳዩን። የእኔ 11 ዲግሪ አለ። ከሥር በረዶ ነበረው እኮ! «ከላይስ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሣዬን ከሥርም ከላይም በረዶ ሳላለብስ አላድርም። ያን ምሽት ወንበር አልነበረም፤ ልጅ ያዘለችውም ሳትቀር ቆመን ነው የተማርነው። ፍላጎት የላቸውም የተባልነው እኛው ነን።

ስለዚህ እርማት አውጡ፤ ሥልጠናው በስንት ሰዓት እንደተጠራም ጻፉበት። ዘጋቢያችሁ ሊጠይቀን ከፈለገ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ዕቃ እየሰበሰብን ስለሆነ እናወራዋለን።

ከባሕር ዳርቻ ዓሣ ሻጮች አንዷ