ለግሽ ዓባይ ጎብኚ ከቁርስ በፊት ይነገረው

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በብርድ ወራት ግሽ ዓባይ ለሚመጡ እንግዶች ስለሚያስፈልገው ዝግጅት

ከኅዳር እስከ ጥር መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሆነ ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ የሚወጣው ሰው ይበዛል። ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሲደርስማ መቆሚያም አይገኝ። ብርዱም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። ቦታው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ የዓባይ መነሻ የሆነው፣ በጸበልነቱ የሚታወቀው ምንጭ ደግሞ ያለው ከተራራው ግርጌ፣ ረግረጉ ውስጥ ነው። ማለዳ ውርጭ የመታውን ሣር በባዶ እግር መርገጥ ለለመደውም ቀላል አይደለም።

ከብርዱ የባሰው ግን ቁርስ ነው። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ጸበሉ አይቀርብም። ሥርዓቱ የቦታው ነው፤ ይለወጥ አንልም። እንግዳው ይህን የሚሰማው ደጃፉ ላይ ሲደርስ መሆኑ ነው ችግሩ። ከባሕር ዳር በማለዳ የተነሳ መኪና ዳንግላ ወይም ኢንጅባራ ላይ ይቆማል፤ በዚያ ብርድ ትኩስ ፍርፍር ማን ይጠላል? ከዚያ ቲሊሊ ላይ ተገንጥሎ፣ ያን ሁሉ አቧራ ጠጥቶ ይደርስና ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ማስታወቂያው መገንጠያው ላይ ቢተከል አይጠቅምም፤ ሰውየው በልቷል። ባሕር ዳር ባሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ዘንድ ይለጠፍ፤ እንግዳው በዋዜማው ያንብበው። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መምጣታቸውን የሚተርክ ብሮሹር ሲታተምም «ሳይበሉ ይምጡ፤ ደረቅ ቅያሪ ልብስ ይያዙ» የሚል መስመር ይግባበት።

ልብሱን ያነሳነው በምክንያት ነው። የምንጭ ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ሙቀቱ እንደ አየሩ አይዋዥቅም፤ ንጋት ላይ እንዲያውም ለብ ይላል። ሰው የሚንቀጠቀጠው ከጸበሉ ወጥቶ ነፋሱ እርጥብ ልብሱን ሲያገኘው ነው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ አንዴ ከራሰ አያሞቅም። ለወንድና ለሴት ለየብቻ፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ በነፋሱ በኩል የተዘጋ መቀየሪያ ዳስ ይበቃል። ውስጡ ከሰል እንዳይነድ አደራ፤ በተዘጋ ቦታ የከሰል ጋዝ ሳይታይ ይገድላል። እሳቱ፣ ሻይውና የገብስ አጥሚቱ ከግቢው ውጭ፣ በመመለሻው በኩል ይሁን። ጾመ ነቢያት በዚሁ ወቅት ስለሚውል የሚቀርበው የጾም ይሁን።

ጭቃውን ለማጥፋት ተብሎ ግን ረግረጉ ላይ ኮንክሪት አይፍሰስ። ውሃው የሚመነጨው ከዚያው አፈር ውስጥ እየተንጠፈጠፈ ነው፤ መውጫው ከተደፈነ ሌላ አቅጣጫ ይፈልጋል። ወርዳቸው 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠጠር ላይ፣ ያለ ሲሚንቶ ይደርደሩ። ውሃው በመካከላቸው ያልፋል፤ የሰመጠውንም አንስቶ ማስተካከል ቀላል ነው። ባሕር ዛፍም በአቅራቢያው አይተከል፤ ውሃውን ይመጥጣል። ሥራው ኅዳር ካልተጀመረ ለጥር 13 አይደርስም።

የማስታወቂያውን ቃል ቢሮው ብቻውን ባይጽፈው ደስ ይለናል። መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስድ ሕመምተኛ ምን ያድርግ የሚለውን የደብሩ አባቶች ይወስኑና በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር